«ይነሳል፣ ወዲያው ይጠፋል»፦ የአንዲት የ1991 ፒክአፕ የጉዳይ ጥናት

ስልኩ የተደወለው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ብርድ ነበር።

«ልጄ፣ መኪናዬ ትነሳለች፤ ግን ወዲያው ድርግም ትላለች» አሉኝ።

ደዋዩ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ከቀደምቶቹ ሐበሾች አንዱ ናቸው። ብዙ አዲስ መጪ ከኤርፖርት ተቀብለዋል። የስንቱን ፍራሽና ሶፋ በዚያችው ፒክአፓቸው አመላልሰዋል። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ እንዳልኳቸው ልቀጥል።

ፒክአፗ በፈረንጆች 1991 የተሠራች ቶዮታ ናት። ሞተሯ 22 አርኢ የሚባለው ነው። 2.4 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ካርቡራተር የሌለው፣ በኢንጀክተር (ቤንዚን በሚረጭ አፍንጫ) የሚሠራ። አሜሪካ ውስጥ ይህ ሞተር እስከ 1995 ድረስ በቶዮታ ፒክአፕ ላይ ተገጥሞ ተሽጧል። ጠንካራ ሞተር ነው። የሚያውቁት ሁሉ ይወዱታል፣ እኔም እወደዋለሁ።

ወደ እኔ ከመደወላቸው በፊት ሌላ ጋራዥ ወስደዋት ነበር። ያኔ አትጠፋም፤ ትንገጫገጭ ነበር እንጂ። እዚያ ካንዴላ ተቀየረ። ባትሪ ተቀየረ። የነዳጅ ፊልትሮ ተቀየረ። አልሻል ሲል ታንኩ ወርዶ ቤንዚን ፓምፑ ተቀየረ። ከ700 ዶላር በላይ ወጣ። በመጨረሻ መንገጫገጩ ቀርቶ ጭራሽ ተነስታ አልቆይ አለች፤ እየተነሳች ትጠፋለች። «ኮምፒዩተሯ ሞቷል» ተባሉ። በተጎታች ወደ ቤታቸው መለሷት።

ሰውዬው ጡረተኛ ናቸው። ያ ብር ቀላል ብር አይደለም። እቃ እየቀያየሩ በሽታ መፈለግ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። የተቀየረው እቃ ሁሉ አዲስ ነው፣ በሽታው ግን የድሮው ነው።

እቤታቸው ስደርስ ኮፈኑን አልከፈትኩም። መጀመሪያ ገብቼ ተቀመጥኩና ቁልፉን ራሴ አዞርኩት። «ይነሳና ይጠፋል» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ በሽታ ይሸፍናል። መቼ ነው የሚጠፋው? ቁልፉን እንደለቀቅከው ነው? ከአምስት ሰከንድ በኋላ ነው? ሲሞቅ ነው? ነዳጅ መስጫውን ስትረግጥ ይተርፋል ወይስ ይብስበታል? እነዚህን ሳላይ መፍቻ ማንሳት አልወድም።

ሞተሪኖው ጥሩ አድርጎ ያዞራል። ሞተሩ ወዲያው ያዘ። ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ፤ አንድ ሰከንድ ያህል ቆየና ጠፋ። ደገምኩት። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ነዳጅ መስጫውን ረገጥ አድርጌ አስነሳሁት። ባሰበት፣ ቶሎ ጠፋ።

ከዚህ ብቻ ብዙ ነገር ይገኛል። ሞተሩ ከተነሳ የእሳቱና የመጭመቂያው ነገር በመሠረቱ አለ ማለት ነው። ቁልፉ «ማስነሻ» ላይ እያለ የሚሠራ፣ ወደ «መንጃ» ሲመለስ የሚቀር ነገር አለ። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ስለሚብስበት ደግሞ ጥርጣሬዬ ሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ላይ አልሄደም። ሚኒሞውን የሚይዘው የአየር መንገድ በጥላሸት የተዘጋ ሞተር፣ ረገጥ ስታደርግለት ይተርፋል። ይሄ አልተረፈም።

አሁን ስለዚህ ሞተር አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ጉዳዩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነውና።

በ22 አርኢ ላይ ቤንዚን ፓምፑ በሁለት መንገድ መብራት ያገኛል። ቁልፉን «ማስነሻ» ላይ ስታደርገው፣ ለሞተሪኖው የሚሄደው ምልክት ለፓምፑ ሪሌይም (መብራቱን ለሚያገናኘውና ለሚያቋርጠው መቀያየሪያ) ይደርሳል። ፓምፑ ያለ ምንም ጥያቄ ይሠራል። ቁልፉ ሲለቀቅ ግን ይህ መንገድ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ሪሌዩ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል፦ ሞተሩ በእርግጥ አየር እየሳበ ነው ወይ?

ይህን ማስረጃ የሚሰጠው ከአየር ፊልትሮው ቤት ጋር የተያያዘው የአየር መለኪያ ሳጥን ነው። ውስጡ እንደ በር በማጠፊያው የሚንቀሳቀስ አንድ ምላስ አለ። ሞተሩ አየር ሲስብ ምላሱ ይገፋል። ሲገፋ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ምን ያህል አየር እንደገባ ለኮምፒዩተሩ ይናገራል፤ ኮምፒዩተሩም በዚያ ልክ ቤንዚን ያዛል። ሁለተኛ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለች ትንሽ ኮንታክት (የመብራት መገናኛ) ይዘጋና ፓምፑ እንዲቀጥል ያደርጋል። አሠራሩ ለደህንነት የታሰበ ነው። መኪና ተጋጭቶ ሞተሩ ቢቆም ቁልፉ ክፍት ሆኖ እንኳ ፓምፑ ቤንዚን እያፈሰሰ እንዳይቀጥል ነው።

ሌላም አለ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ በማስነሻ ጊዜ ብቻ ቤንዚን የሚረጭ አምስተኛ ኢንጀክተር አለው። ስለዚህ በብርድ ቀን ሞተሩ ለመነሳት የሚበቃውን ነዳጅ ከዚያ ሊያገኝ ይችላል። ከሰል ላይ እንደሚደረግ ጭራሮ አስቡት። ጭራሮው ቦግ ይላል፤ ከሰሉ ካልተያያዘ ግን ጭራሮው ሲያልቅ እሳቱም ያልቃል። የጋሼ መኪና በትክክል እንደዚያ ነበረች።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ክዳን ያላት የመመርመሪያ ሶኬት አለች። እዚያ ላይ «ቲኢ ዋን» እና «ኢ ዋን» የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቼ ቁልፉን ከፈትኩት። ዳሽቦርዱ ላይ የቼክ ኢንጅን መብራት በእኩል ፍጥነት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። እኩል ብልጭታ ማለት ኮምፒዩተሩ የመዘገበው ስህተት የለም ማለት ነው። የእሳት ማረጋገጫ ምልክት (እሳቱ መሰጠቱን ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው) ጠፍቶ ቢሆን በብልጭታ 14 ቁጥርን ይቆጥርልኝ ነበር። የአየር መለኪያው ምልክት ተበላሽቶ ቢሆን 31ን።

ጋሼ አጠገቤ ቆመው ነበር። «ታዲያ ኮምፒዩተሩ አልሞተም?» አሉኝ።

«አልሞተም ጋሼ። እንዲህ ብልጭ የሚለው ደህና ሲሆን ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። እኔ ግን እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ እንደሚሳሳት አውቃለሁ። ኮድ የለም ማለት በሽታ የለም ማለት አይደለም። ያቺ ፓምፑን የምታስቀጥል ኮንታክት ከኮምፒዩተሩ ጋር አትነጋገርም። ሽቦዋ ከሪሌዩ መጥቶ በሳጥኑ በኩል ወደ ቦዲ (ወደ መኪናዋ ብረት) ይሄዳል። ብትበላሽም ኮምፒዩተሩ አያያትም። ምላሱ ትንሽ ብቻ ቢገፋም ኮምፒዩተሩ «ትንሽ አየር ነው የገባው» ብሎ ያምናል እንጂ አይከስም።

ቀጥሎ እዚያው ሶኬት ላይ «ኤፍፒ» እና «ፕላስ ቢ» የተባሉትን አገናኘሁ። ይህ ሪሌዩን አልፎ ፓምፑን በቀጥታ ያሠራል። ቁልፉን ስከፍት ከታንኩ በኩል የፓምፑ እዝዝታ ተሰማ። ግፊት መለኪያ ገጠምኩ፤ 41 ፒኤስአይ። ለዚህ ሞተር በዚህ ዓይነት ልኬት ከ38 እስከ 44 ጥሩ ነው። አዲሱ ፓምፕ ደህና ነው። ምናልባት አሮጌውም ደህና ነበር፤ ያንን አሁን ማወቅ አይቻልም።

ሽቦዋ እንዳለች ሞተሩን አስነሳሁት። ተነሳ። ቁልፉን ለቀቅኩ። አልጠፋም!

ጋሼ እጃቸውን አጨበጨቡ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ሞተሩ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ መስጫውን ነካ ሳደርግ ሳል ብሎ ጠፋ።

ይህን ልዩነት ልብ በሉት። በእኔ እምነት የጉዳዩ ዋና ቦታ ይህ ነው። በሽታው ሪሌዩ ወይም ያቺ ኮንታክት ብቻ ብትሆን ኖሮ፣ ለፓምፑ በቀጥታ መብራት ስሰጠው ሞተሩ እንደ ጤነኛ መሥራት ነበረበት። ነዳጅ መስጫውን ስረግጥም መቀበል ነበረበት። አሁን ግን ፓምፑ እየሠራ፣ ግፊቱም ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ተርቧል። ስለዚህ የፓምፑ መቆም በሽታው ሳይሆን የበሽታው ምልክት ነው። አንድ ነገር ሁለቱንም እያደረገ ነው፤ ፓምፑንም ያስቆማል፣ ቤንዚኑንም ያሳንሳል። ሁለቱን የሚያዘው ደግሞ ያ ምላስ ነው።

የአየር ፊልትሮውን አወጣሁ። የሳጥኑን ሶኬት ነቅዬ ቴስተሩን «ኤፍሲ» እና «ኢ ዋን» ላይ አደረግኩ። ምላሱ ተዘግቶ ሳለ መስመር የለም፤ እንዲህ መሆን አለበት። በጣቴ ገፋ ሳደርገው ወደ ዜሮ ኦም ወረደ፤ ይህም ልክ ነው። ምላሱ ሳይነክስ፣ ሳይጎተት፣ ለስላሳ ሆኖ ሄዶ ተመለሰ። ሳጥኑ ጤነኛ ነው።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ጋ ትንሽ ቆምኩ። ከጥቅም ውጪ የሆኑ መኪናዎች ከሚበለቱበት ቦታ ሌላ ሳጥን ገዝቼ ልሞክር የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ያ ማለት ግን እኔም ያንኑ የመገመት ሥራ መጀመሬ ነው፤ ቴስተሩ ደህና ነው እያለኝ። ተውኩት።

ወደ ጋሼ ዞሬ፣ «ከመጥፋት በፊት እንዴት ነበረች? መጀመሪያ ጋራዥ የወሰዷት ለምን ነበር?» አልኳቸው።

«አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ ትንገጫገጫለች። ሁለተኛም ላይ እንዲሁ። ጉብታ ላይ ስወጣ ይብስባታል» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ «የሚገርመው ግን ወደ ኋላ ስሄድ ደህና ናት።»

ወደ ኋላ ስትሄድ ደህና ናት! ይህን ቃል ጋራዥ ለነበሩት ሰዎችም ነግረዋቸው ነበር። ማንም ልብ አላለውም።

ሞተር ሲጎትት በተቀመጠባቸው የጎማ ማረፊያዎች ላይ ወደ አንድ ጎን ይዘነበላል። ወደ ፊት ስትነዳ በአንድ በኩል፣ ወደ ኋላ ስትነዳ በሌላው። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚለጠጥና የሚታጠፍ ነገር ካለ፣ ወደ ፊት ሲሆን ይከፈትና ወደ ኋላ ሲሆን ይዘጋል። በዚህ ሞተር ላይ እንዲህ የሚሆን አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ከአየር መለኪያው ሳጥን ተነስቶ ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደው ጥቁሩ፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው የጎማ ቱቦ።

ከላይ ሲታይ ምንም የለውም። ያብረቀርቃል። እጄን ከሥሩ አስገብቼ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ። ሦስተኛው እጥፋት ላይ ጣቴ ገባ። ማጥበቂያ ቀለበቶቹን በካቻቢቴ ፈትቼ አወጣሁት። በሥሩ በኩል ከዙሪያው ግማሽ ያህሉ ተቀዷል። አጠፍ ስታደርገው እንደ አፍ ይከፈታል።

ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ገጠመ። አየር ሰነፍ ነው፤ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ምላሱን ገፍቶ ከመግባት ይልቅ በቀዳዳው ይገባል። ሞተሩ አየሩን ያገኛል፣ ሳጥኑ ግን አያውቅም። ምላሱ ስላልተገፋ ኮንታክቷ አትዘጋም፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ፓምፑ ይቆማል። ፓምፑን በሽቦ ሳስቀጥለው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ለትንሽ አየር የሚሆን ቤንዚን ብቻ ያዛል፤ ሞተሩ ይራባል። ስረግጠው ተጨማሪ አየር በቀዳዳው ይገባል፤ ረሃቡ ይብሳል።

መጀመሪያ ስንጥቁ ትንሽ ስለነበር መኪናዋ ትንገጫገጭ ነበር። ጋራዥ ሲሠሩባት ቱቦውን ነቅለው መልሰውታል። ከ30 ዓመት በላይ የበላ ጎማ ነው፤ ደርቋል። ሲጠመዘዝ ስንጥቁ ሰፋ። ስትገባ ተንገጫግጣ ስትወጣ ተነስታ አልቆይ ያለችው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

እቃ ከማዘዜ በፊት ግን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ቱቦውን ጠርጌ አደረቅኩት፤ ስንጥቁን ዙሪያውን በፕላስተር ደጋግሜ ጠቀለልኩት። መልሼ ገጠምኩ። የማገናኛ ሽቦዋን ከሶኬቱ ነቀልኩ፤ ይህን መርሳት አያስፈልግም፣ ያለዚያ ፈተናው ፈተና አይሆንም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያስነሱት» አልኳቸው።

አስነሱ። ቁልፉን ፈራ ተባ እያሉ ለቀቁ። ሞተሩ ቀጠለ። ረገጥ አደረጉ፤ ተቀበለ። ምንም አላሉም፤ መሪውን ይዘው ዝም ብለው አዳመጡ።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ሳብ አደረግኩት። ድምፁ ወዲያው ተዛባ። መልሼ ስከተው ተስተካከለ። ይህን ያደረግኩት ለማሳየት ነው። እንዲህ ምላስ ያለው መለኪያ በተገጠመበት ሞተር ላይ የዘይት ክዳን በደንብ አለመዘጋት እንኳ ያልተቆጠረ አየር ያስገባል። እንዲህ ዓይነት መኪና ያላችሁ ሰዎች ዘይት ከቀየራችሁ በኋላ ሞተሩ ከተዛባ መጀመሪያ ክዳኑንና ዘንጉን እዩ። አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንዳንዱ ሰው የአየር ሽሚያ (ያልተቆጠረ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ) ሲፈልግ በሚሠራ ሞተር ላይ ተቀጣጣይ ማጽጃ ይረጫል። የጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ ይህን ማድረግ እሳት መለኮስ ነው። ተነስቶ ወዲያው ለሚጠፋ ሞተር ደግሞ አይጠቅምም። እጅና ባትሪ መብራት ይሻላሉ።

ፕላስተሩ ለምርመራ እንጂ ለመንዳት አይደለም። ሙቀትና የዘይት ተን በቀናት ውስጥ ያላቅቁታል። አዲስ ቱቦ አዘዝኩ፤ ዋጋው አንድ ታንክ ቤንዚን ከሚሞላበት ብዙም አይበልጥም። ከማጥበቂያ ቀለበቶቹም አንዱ ዝጎ ስለነበር ሁለቱንም ቀየርኳቸው።

ቱቦው ለምን ተቀደደ የሚለው ግን አልተወኝም። እርጅና አንድ ነገር ነው። ጋሼ ፍሬን ይዘው ፍሪሲዮኑን በቀስታ እንዲለቁ አድርጌ ሞተሩን አየሁት። ከሚገባው በላይ ተነሳ። ሞተሩ ከተቀመጠባቸው የጎማ ማረፊያዎች አንዱ ተጨፍልቆ ብረት ከብረት ሊነካ ደርሷል። ይህን ሳልቀይር አዲሱን ቱቦ ብገጥም ያው መወጠርና መታጠፍ ይቀጥላል፤ ዕድሜው ያጥራል። ሁለቱንም የጎማ ማረፊያዎች ቀየርን። ከጠቅላላው ሥራ ብዙ ሰዓት የወሰደው ይህ ነው።

ሞቆ ሲሠራ ሚኒሞው 750 ዙር ገደማ ሆነ። ለማርሽ መኪና ልክ ነው። ብርድ ላይ እንዴት እንደምትነሳ ለማየት ግቢያቸው ውስጥ አሳደርናትና በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። አንዴ ብቻ አዞሩ። ጉብታ ያለበት መንገድ ላይ ወጣን፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አልተንገጫገጨችም።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሁሉ 22 አርኢ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ያላችሁ ወዳጆቼ «የእኔ ኮሮላም እንዲሁ ታደርጋለች» ብትሉኝ መልሱ ሌላ ነው። በ1990ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት የተሠሩት ብዙዎቹ የኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ እና 5ኤ-ኤፍኢ ሞተሮች ምላስ ያለው ሳጥን የላቸውም። አየሩን የሚገምቱት ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ካለው ግፊት ነው። እዚያ ላይ ቱቦው ቢቀደድ ሞተሩ አይራብም፤ ከፍልትሮው ያመለጠ አቧራ ነው የሚገባው። ፓምፑንም የሚያስቀጥለው ኮምፒዩተሩ ነው፣ የሞተሩን መዞር እያየ። ስለዚህ እነሱ ላይ ስትረግጡት የሚተርፍ ከሆነ መጀመሪያ የሚኒሞውን የአየር መንገድ ጥላሸት እዩ። ሲቀዘቅዝ ብቻ ከሆነ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ለኩ። ብትረግጡም ባትረግጡም የሚጠፋ ከሆነ ወደ እሳቱ ሂዱ፤ የእሳት ማረጋገጫው ምልክት ለኮምፒዩተሩ ካልደረሰው ኢንጀክተሮቹን ያቆማል። ያቺ 14 ቁጥር እዚህ ላይ ትጠቅማለች።

እንደ ቮልስዋገን ጎልፍ 4 ባሉ ቁልፋቸው ውስጥ ቺፕ ባለባቸው የአውሮፓ መኪናዎች ላይ ደግሞ፣ ተነስቶ በሁለት ሰከንድ ገደማ በየጊዜው እኩል የሚጠፋ ከሆነና ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ የሚል ከሆነ፣ ሞተሩን አትንኩት። መኪናው ቁልፉን አላወቀውም። መጀመሪያ ሌላኛውን ቁልፍ ሞክሩ።

ጋሼ ሒሳብ ስንጨርስ አሮጌውን ቱቦ አንስቼ ልጥለው ስል ከእጄ ተቀበሉኝ። «ተወው፣ እኔ ጋ ይቀመጥ» አሉ። አጠፍ አድርገው ስንጥቁን ከፈቱት፣ ዘጉት፣ መልሰው ከፈቱት። ከዚያ ከወንበሩ ጀርባ ወሸቁት። ባለፈው ሳምንት የአንድ ልጅ አልጋና ጠረጴዛ ጭነው ሲሄዱ መንገድ ላይ አየኋቸው። ጥሩንባ ነፉልኝ።